ድርጅቱ ሰው ነው፤ ግን ሰው አለው?

የእድር ስብሰባ አልቆ ሰው እየተበተነ ነበር። የእድራችን ዳኛ እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ስልካቸው ላይ የሆነ ቪዲዮ አይተዋል። «አንተ የሕግ ነገር ታነባለህ አይደል? አሜሪካኖቹ ድርጅትን ሰው ነው ብለው ፈረዱ የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እዚህም እኮ ሰው ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ለቅሶ የማይደርሰው ለምንድነው?»

መልሱን ቆመን ጀመርኩላቸው። ዝናብ መጣና ሳይቋጭ ተለያየን። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው። የዕለቱ ስብሰባችን የተጋጋለው በወንበር ጉዳይ ነበር፤ ነገሩ ስለሚገናኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ተነስታችሁ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ታፔላዎቹን አንብቡ። ሆቴሉም፣ ክሊኒኩም፣ የቡና ላኪው ቢሮም ስሙ ጫፍ ላይ አንድ ጅራት አለችው፦ ኃ/የተ/የግ/ማ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር። ዓይናችን ስለለመዳት አናያትም። ያቺ ጅራት ግን «እዚህ ቤት ውስጥ ከምታዩዋቸው ሰዎች ሌላ አንድ የማታዩት ሰው አለ» እያለችን ነው።

ሕጋችን ሁለት ዓይነት ሰው ያውቃል። አንዱ እኔና እናንተ ነን፤ የተፈጥሮ ሰው ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና ሲጀምር የሚናገረው ስለሱ ነው፤ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የመብት ባለቤት ነው ይላል። ሁለተኛው በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው ነው። እሱ አይወለድም፤ ይመዘገባል። አይሞትም፤ ይፈርሳል።

ይሄ ነገር ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከእድር ድንኳን ቶሎ ይገባል። የእድራችን ድንኳን የማን ነው? የዳኛው አይደለም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰውዬም አይደለም። ገንዘብ ያዡ ቢሞቱና ልጆቻቸው ብረት ድስቱንና ሳህኑን እንደ ውርስ ሊካፈሉ ቢመጡ «ኧረ የእድሩ ነው!» ብለን እንመልሳቸዋለን። እድሩ የሚባለውን ሰውዬ ግን ማንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ አልፈዋል። እሱ አለ። እንዲያውም እነሱን የቀበራቸው እሱ ነው። ጋሼ «ለቅሶ አይደርስም» ሲሉ ይህን ረስተውታል፤ እድራችን ተመዝግቦ ማህተም ካወጣ ጀምሮ ለቅሶ የሚደርስ የሕግ ሰው ነው።

የማይታየው ሰውዬ እጅ የለውም፤ ማህተም አለው። አፍ የለውም፤ ሥራ አስኪያጅ አለው። ፋይዳ የለውም፤ ቲን ነምበር ግን አለው። (ፋይዳ የለውም ስል መታወቂያውን ነው።) ባንክ ሂሳብ ይከፍታል፣ መሬት በሊዝ ይይዛል፣ ግብር ይከፍላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አሥር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሐይቁ ዳር ሆቴል ሊሠሩ ነው እንበል። የማይታየው ሰውዬ ከሌለ እያንዳንዱን ውል አሥሩም ሊፈርሙ ነው። አንዱ ሲሞት ወራሾቹ መጥተው ግድግዳውን እንካፈል ይላሉ። ሆቴሉ ቢከስር አበዳሪው የአሥሩንም መኖሪያ ቤት ያስሸጣል። እንዲህ ከሆነ ማን ደፍሮ ይገባል? ስለዚህ ሕጉ «ባለዕዳው ሆቴሉ ነው፤ እናንተ የምትከስሩት ያዋጣችሁትን ብቻ ነው» አለ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» ማለት ይኸው ነው።

ይህን ያጠናከረ አንድ የእንግሊዝ ክስ አለ። አሮን ሰለሞን የሚባል የለንደን ቡትስ ጫማ ሠሪ ንግዱን ወደ ኩባንያ ለወጠ። በዘመኑ ሕግ 7 አባላት ያስፈልጉ ስለነበር ራሱን፣ ሚስቱንና 5 ልጆቹን ቆጠረ። ቤተሰቡ አንድ አንድ አክሲዮን ያዘ። ከ20,007 አክሲዮን 20,001ዱ የራሱ ነበር። ኩባንያው ሲከስር ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። «ይሄ ኩባንያ ማን ሆነና ነው? ሰለሞን ራሱ ነው እንጂ!» ተባለ። የሥር ፍርድ ቤቶችም ተስማሙ። በመጨረሻው ፍርድ ቤት ግን ውሳኔያቸው እ.ኤ.አ. በ1896 ተገለበጠ። ኩባንያው በሥርዓቱ እስከተመዘገበ ድረስ ሰለሞን ሌላ፣ ኩባንያው ሌላ ሰው ነው ተባለ። እኛ ዘንድ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ባለ አንድ አባል ማህበርን ፈቀደ። ሚስትና ልጅ መቁጠር ቀረ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ሌላ ሰው ማቋቋም ይችላል።

የማይታየው ሰው ወንጀል ቢሠራስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል። ግን ቃሊቲ አይወርድም። በገንዘብ ይቀጣል፤ ካስፈለገ ይታገዳል፣ ይዘጋል፣ ይፈርሳል።

ሰውነቱ ልክ አለው። የሚሠራው ከተፈጥሮው ጋር የሚስማማውን ነው። አያገባም፣ አይወልድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይመርጥም። ሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብት የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። ድርጅት 60 ዓመት ቢሞላው እንኳ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ጣቱን ቀለም አይነከርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋንጋኑይ የሚባለውን ወንዝ በሕግ ሰው አድርጋዋለች። ሁለት ወኪሎች አሉት፤ አንዱ ከመንግሥት፣ አንዱ ከማኦሪ ጎሳዎቹ። ወደ እኛ ስመለስ፣ ሀዋሳ ሐይቅ በሕግ ሰው አይደለም። ዳሩ ላይ የተገተረው ሆቴል ግን ሰው ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ቆሮሶ ዓሣ ስበላ ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ቁም ነገሩ ግን በሕግ ቋንቋ «ሰው» ማለት ነፍስ ያለው ማለት አይደለም። መብትና ግዴታ የሚታሰርበት ካስማ ማለት ነው። የት የት ይተከል የሚለው የሕግ አውጪው ምርጫ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጤናማ ነው። ችግሩ የመጣው ለዕዳና ለውል የተተከለው ካስማ ላይ የንግግርና የፖለቲካ መብት ሲታሰርበት ነው። ይህ በሰፊው የሆነው አሜሪካ ነው።

አሜሪካኖች ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ሕገ መንግሥታቸው ላይ 14ኛውን ማሻሻያ ጨመሩ። ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ አይነፈግም ይላል። የተጻፈው ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባቡር ኩባንያዎች ጠበቃ ይዘው መጡ። «እኛስ ሰው አይደለንም?» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1886 በሳንታ ክላራ አውራጃና በሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ መካከል የነበረው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጭቅጭቁ ስለ አጥር ግብር ነበር። ፍርድ ቤቱ በአጥሩ ጉዳይ ለኩባንያው ፈረደ። ኩባንያ ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በፍርዱ ውስጥ አልነካውም። ይሁንና ፍርዱን ለኅትመት የሚያዘጋጀው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ባንክሮፍት ዴቪስ፣ ከፍርዱ በላይ ባለው ማጠቃለያ ላይ አንድ ነገር አስገባ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ከክርክሩ በፊት፣ ማሻሻያው ኩባንያዎችንም እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናምናለን ብለው ነበር ብሎ ጻፈ። ዴቪስ ራሱ ቀደም ሲል የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር! ከዚያ በኋላ የመጡ ዳኞች ማጠቃለያውን እንደ ፍርድ እየጠቀሱ ቀጠሉ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ የእድር ጸሐፊዎች ያውቁታል።

ገንዘቡም አብሮ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ትልልቅ ኩባንያዎች ለምርጫ ዘመቻ ብር ማፍሰሳቸው ሕዝቡን አስቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፤ ኩባንያ ለፌዴራል ተመራጭ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከለከለ። ይህ ክልከላ እስከዛሬ አለ። ቪዲዮ ላይ የሚጮሁት ሰዎች ይህን አይነግሯችሁም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ገንዘብ ምንድነው?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልስ ሰጠ። ለተመራጭ የሚሰጥ ስጦታ ሊገደብ ይችላል፤ ምክንያቱም ጉቦ ሊሆን ይችላል። ሰው ሐሳቡን ለማሰማት የሚያወጣው ወጪ ግን ሊገደብ አይችልም፤ ምክንያቱም ወጪውን መገደብ ንግግሩን መገደብ ነው። ሞኝ ሐሳብ አይደለም። ምርጫ ሲደርስ ሞንታርቦ ጭኖ የሚዞረውን መኪና አስቡት። ሞንታርቦ ኪራይ አለው፣ ነዳጅ አለው፣ ሾፌሩ አበል ይፈልጋል። «ተናገር፣ ግን ለሞንታርቦ ብር እንዳታወጣ» ማለት «ዝም በል» ከማለት አይለይም። ጥያቄው የሚመጣው አንዱ ባለ 50 መኪና፣ ሌላው ባለ ባዶ ጉሮሮ ሲሆን ነው።

አሁን ጋሼ ያዩት ቪዲዮ ላይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቲዝንስ ዩናይትድ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚያብጠለጥል ፊልም ሠራ። በቅድመ ምርጫው፣ ማለትም ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን በሚለዩበት ምርጫ ሰሞን፣ በኬብል ቴሌቪዥን ሊያሳየው ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ ደግሞ ኩባንያና የሠራተኛ ማህበር በገንዘባቸው ቅድመ ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለ ነገር እንዳያሰራጩ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2010 በ5 ለ4 ድምፅ ክልከላውን ሻረ። ኩባንያም ሆነ የሠራተኛ ማህበር ከተመራጩ ጋር ሳይቀናጅ በራሱ ገንዘብ የፈለገውን ያህል የምርጫ ቅስቀሳ ማድረግ ይችላል አለ።

«ኩባንያ ሰው ነው» የሚለውን የፈጠረው ግን ይሄ ፍርድ አይደለም፤ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነበር። ዳኛ ኬኔዲ የብዙኃኑን ፍርድ ሲጽፉም ዋናው መከራከሪያቸው ሌላ ነው። ንግግር የሚጠበቀው ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን ነው አሉ። ጋዜጣ አሳታሚም እኮ ኩባንያ ነው። ኩባንያ መናገር አይችልም ካልን ነገ ጋዜጣውን ለመዝጋት ምን ያግደናል? ይሄ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔንም ያስቸግረኛል። በተለይ እንደኛ ጋዜጣ ሲዘጋ ያየ ሰው ቶሎ ሊያጣጥለው አይገባም።

በዚያው ዓመት አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተጨማሪ በር ከፈተ። ከተመራጩ ተነጥሎ ለሚቀሰቅስ ቡድን የሚሰጥ ገንዘብም ገደብ አይኖረውም አለ። ሱፐር ፓክ የሚባሉት ቡድኖች የተወለዱት ከዚህ ነው። ውጤቱን በቁጥር እዩት። በ2024ቱ ምርጫ አንድ አሜሪካዊ ለአንድ ተመራጭ በቀጥታ መስጠት የሚችለው ለአንድ ምርጫ 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያው ምርጫ ኢሎን መስክ በተለይ በራሱ ሱፐር ፓክ በኩል ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ሁለቱም ሕጋዊ ነው።

ልብ በሉ፤ መስክ ኩባንያ አይደለም። የተወለደ፣ የሚበላ፣ የሚያስነጥስ የተፈጥሮ ሰው ነው። ስለዚህ ነገ ተነስተን «ድርጅት ሰው አይደለም» ብንል ያ 250 ሚሊዮን ዶላር ከቦታው አይነቃነቅም። ለኔ ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው ያለው። ሰዉ ሁሉ «ሰው ነው፣ አይደለም» ላይ ሲጨቃጨቅ ገንዘቡ በጎን ያልፋል።

ገንዘቡን በሌላ መንገድ እንየው። በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ስብሰባ አለ። አንዱ የእድር ነው፤ አንድ ራስ፣ አንድ ድምፅ። ባለ ሦስት ፎቁም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም የሚያነሱት አንድ እጅ ነው። የገበሬ ህብረት ሥራ ማህበርም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ኩንታል ቡና ያስገባው ከጎረቤቱ የበለጠ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው የአክሲዮን ማህበር ጉባኤ ነው፤ እዚያ የሚቆጠረው አክሲዮን ነው። በ2017 ቴሌ አክሲዮን ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ነው። 9,900 ብር ያወጣና 999,900 ብር ያወጣ ሰው ጉባኤ ላይ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን 101 ጊዜ ያህላል። ማንም አይከፋውም። ብዙ ያዋጣ ብዙ ይወስናል፤ የንግድ ሕጉ ነው።

ምርጫ የእድር ስብሰባ ነው። ገንዘብ በፖለቲካ ውስጥ የሚያስፈራው የአክሲዮኑን ሕግ ተሸክሞ እድሩ ድንኳን ውስጥ ስለሚገባ ነው። እጅ ሲነሳ አሁንም አንድ ለአንድ ነው፤ ውሳኔው ግን እንደ አክሲዮን ይሄዳል።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ አባላችን ለእድሩ 100 የፕላስቲክ ወንበር በስጦታ ሰጠ። እግዜር ይስጠው፤ ያሉን ተሰባብረው በየለቅሶው እየተበደርን ነበር። በእያንዳንዱ ወንበር ጀርባ ላይ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፏል። በዚህኛው ስብሰባ አዲስ ገንዘብ ያዥ ልንመርጥ ነበር። ሰውዬው የሚስቱን ወንድም ጠቆመ። ልጁ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን ስብሰባ ላይ የማይገኝ፣ የቀሪ ቅጣት እንኳ ያልከፈለ ነው። ዳኛው «ተቃውሞ አለ?» አሉ። ዝም። ነጋዴው ማንንም አልለመነም፣ ለማንም አምስት ሳንቲም አልሰጠም። ግን ሁላችንም የተቀመጥነው እሱ ወንበር ላይ ነበር።

በአገራችን ከባዱ ስድብ ወጪት ሰባሪ መባል ነው። የበላበትን ወጪት የሚሰብር። ተመራጭም ሰው ነውና ይህን ስድብ ይፈራል። ገንዘብ ያፈሰሰለት ሰው ስልክ ሲደውል «ይህን አድርግልኝ» ማለት የለበትም። «እንዴት ነህ?» ማለቱ ይበቃል። ዳኛ ኬኔዲ በዚያ ፍርድ ላይ በገንዘብ መወደድም ሆነ ተመራጩን ማግኘት መቻል ሙስና አይባልም ብለዋል። በሕግ አነጋገር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን እኛ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጡም።

አማርኛችን ይህን ነገር ከሕጉ በፊት ያወቀው ይመስለኛል። «እሱ እኮ ሰው አለው» እንላለን። ሰው አለው ማለት የሚደወልለት ባለሥልጣን አለው ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼን ጥያቄ ትንሽ ላዙረው። ድርጅቱ ሰው ነው ወይ የሚለው ለጠበቆች ይሁን። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ድርጅቱ ሰው አለው ወይ ነው።

በዚህ ዓይን እኛን ስንመለከት ታሪኩ ከአሜሪካው የተገለበጠ ነው። እዚያ የሚፈራው ድርጅት ፓርቲን እንዳይገዛ ነው። እኛ ዘንድ ፓርቲ ነው ድርጅት የነበረው። በኢሕአዴግ ዘመን አራቱ እህት ድርጅቶች አጠገባቸው የንግድ ክንድ ነበራቸው። ትግራይ ትእምት፣ አማራ ጥረት፣ ኦሮሚያ ቱምሳ፣ የኛው ደቡብ ደግሞ ወንዶ። ከሲሚንቶ ፋብሪካ እስከ ቢራ ይደርሱ ነበር። በ2000 የወጣው የፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 573 ደግሞ ፓርቲ ንግድ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ታዲያ እንዴት ሆነ? የማይታየው ሰውዬ ነዋ! እነዚህ ተቋማት በወረቀት የፓርቲ አልነበሩም። የሕዝብ ጥቅም ኢንዶውመንት ተብለው ራሳቸውን የቻሉ የሕግ ሰዎች ነበሩ። ባለቤት የላቸውም። ባለቤቱ ሕዝብ ነው ይባላል። ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ግን የፓርቲ ሰዎች ነበሩ። የሰለሞን ጫማ ሱቅ ነው ነገሩ፤ በወረቀት ሌላ ሰው፣ ስትገቡ ያው ሰለሞን።

ሌላም መልክ አለው። አንድ የማውቀው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ አለ። ከሆነ ቢሮ ባለ ማህተም ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለሆነ በዓል ወይም ግንባታ «የበኩልዎን አስተዋፅኦ» ይላል። መጠኑ ተጽፏል። ይከፍላል። የምስጋና ሰርተፍኬቱን ከፈቃዱ አጠገብ ሰቅሎታል። «እምቢ ብትልስ?» አልኩት አንድ ቀን። «ፎርሙ ላይ እምቢ የሚል ሳጥን የለም» አለኝ። እዚህ ገንዘቡ ሰው ለመግዛት አይደለም የሚወጣው፤ ላለመነካት ነው። ደብዳቤ ባይኖርም ነገሩ አይጠራም። በግንቦት 2011 የገበታ ለሸገር እራት ላይ የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ገንዘቡ ለፓርቲ አይደለም፤ ለከተማ ማስዋቢያ ነው። ግን ከአገሪቱ መሪ ጋር አብሮ መቁረስ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። (ወንበር እንደገና መጣ፤ ሆን ብዬ አይደለም።)

የምርጫና የፓርቲዎች አዋጃችን፣ የ2011ዱ ቁጥር 1162፣ ፓርቲ ከውጭ ዜጋም ሆነ ምንጩ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን እንደገና የማይታየውን ሰውዬ አስቡት። ሰጪው ድርጅት ከሆነ ከኋላው ያለው ማን ነው? እዚሁ የተመዘገበ ማህበር በወረቀት የአገር ሰው ነው፤ አክሲዮኑ የማን እንደሆነ ታፔላው አይናገርም። ኦባማ የሲቲዝንስ ዩናይትድ ፍርድ ከወጣ ከቀናት በኋላ በኮንግረሱ ፊት ይህንኑ ስጋት ሲያነሱ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ዳኞች አንዱ ራሱን እየነቀነቀ «ይሄ እውነት አይደለም» ሲል ካሜራ ያዘው። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ዜጋ ገንዘብ አሁንም ክልክል ነው። ክልክል መሆኑና መታየቱ ግን የተለያዩ ናቸው።

ህንዶች መደበቅ የት እንደሚያደርስ አይተውታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 የምርጫ ቦንድ የሚባል ነገር ጀመረ። ድርጅት ወይም ግለሰብ ከመንግሥት ባንክ ቦንድ ገዝቶ ለፓርቲ ይሰጣል። ሕዝቡ ማን ለማን እንደሰጠ አያይም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የካቲት 2024 ላይ ይሄ የመራጩን የማወቅ መብት ይጥሳል ብሎ ሻረው፤ ባንኩም ስሞቹን እንዲያወጣ አዘዘ። ዝርዝሩ ሲወጣ ትልቁ ገዢ ማን ሆኖ ተገኘ? የሎተሪ ድርጅት። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ብራዚልም በ2015፣ ድርጅት ለምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከልክለዋል። ሁለቱም አገር ድርጅት በሕግ ሰው መሆኑን አልተወም፤ ግብር ይከፍላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ከካስማው ላይ የፈቱት አንድ ገመድ ብቻ ነው።

የኛ እድር ስብሰባ እንዴት ተቋጨ? ዝምታው በረዘመ ጊዜ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ከኋላ ብድግ አሉ። ዳኛው «ይቀመጡና ይናገሩ» ቢሏቸው «የለም፣ ቆሜ ነው የምናገረው» አሉ። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ነጋዴውም ሳይወድ ሳቀ። ሴትዮዋ ምርጫው በእጅ ሳይሆን በወረቀት ይሁን አሉ። ከእንግዲህ የሚመጣ ስጦታም መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በየዓመቱ መጨረሻ ለጉባኤው ይነበብ አሉ። ሁለቱም አለፈ። ጸሐፊው ከደብተሩ መሐል ወረቀት ቀዶ አደለን።

የነጋዴው አማች በወረቀትም አለፈ። በጥቂት ድምፅ ነው። ያሸነፈው ልጁ ይሁን ወንበሩ እንጃ፤ ከወረቀቱ ላይ አይነበብም። ያልተከፈለውን የቀሪ ቅጣት ግን እዚያው ከፍሎ ደረሰኝ ተቆረጠለት። እኛም ዝናቡ ሳይመጣ ወንበሮቹን እየደራረብን ዕቃ ቤት አስገባን፤ ስሙ ያለበት ጀርባ ወደ ውጭ ሆኖ።